እናቴን ከአልጋ ላስነሳችልን ባለሙያ

ስሟን እንዳልጽፍ አጥብቃ ስለለመነችኝ «ሲስተር» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ እናቴም የምትጠራት እንደዚያው ነው። እዚሁ ድሬዳዋ የካንሰር ሕሙማንን ቤት ለቤት እየዞረች የአካል እንቅስቃሴና የአመጋገብ ትምህርት የምትሰጥ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት።

እናቴ ከጡት ቀዶ ሕክምና በኋላ ኬሞቴራፒ ስትጀምር እኛ ልጆቿ መጥረጊያውን ቀማናት፣ ጀበናውን ወሰድንባት። ቡና እንኳን እንዳታፈላ! ጎረቤት ደግሞ «ደም እንዲተካላት» እያለ ጥሬ ሥጋ ያመጣል። ሲስተር መጥታ ይህን ስታይ አልተቆጣችንም። «ድካሙን የሚያብሰው መተኛቱ ነው፤ ጡንቻ ካልሠራ ይሰልላል» አለችን። ሥጋውንም፣ ኬሞው ነጭ የደም ሴሎችን ስለሚቀንስ በሽታ የመቋቋም አቅሟ መዳከሙን አስረድታ ወደ ድስት አስገባችው።

እርምጃው ከአልጋ እስከ ግቢ በር፣ በ5 ደቂቃ ተጀመረ። ፀሐያችንን ታውቋታላችሁ፤ ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ሆነ። አሁን በሳምንት 3 ቀን 30 ደቂቃ ትራመዳለች። ትኩሳቷ 38 ከደረሰ ግን እርምጃ የለም፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት።

ምግብ ሁሉ ብረት ብረት ሲላት በእንጨት ማንኪያ እንድትበላ፣ ትንሽ ትንሽ ግን ቶሎ ቶሎ እንድትቀምስ መከረቻት። እንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮ፤ ከቤታችን የሌለ ነገር አንድም አላዘዘችም። እዚህ ላይ የማፍረው እኔ ነኝ፤ «ካንሰር ያጠፋል» የተባለ ዱቄት በውድ ዋጋ ገዝቼ ነበርና። ሲስተር የምትሸጠው ዱቄት የላትም፤ ምግብ የሐኪሙን መድኃኒት ይተካል ብላም አታውቅም።

ከሁሉ የወደድኩት ግድግዳውን ነው። በቀዶ ሕክምናው በኩል ያለው ክንዷ ከትከሻ በላይ አልነሳ ብሎ ነበር። «እማማ፣ ጣቶችዎን እንደ ሸረሪት ያስወጧቸው» አለቻት፤ የደረሰችበትንም በከሰል ምልክት አደረገች። የልጄን ቁመት የምንለካበት ግድግዳ ስለሆነ አያትና ልጅ ፉክክር ገጠሙ። የመጀመሪያው ምልክት ከልጄ ግንባር ብዙም አይርቅም ነበር፤ ባለፈው ሳምንት እናቴ የቀን መቁጠሪያው የተሰቀለበትን ምስማር ነካች።

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስልኳን እንድሰጥ ፈቅዳልኛለች። የሐኪማችሁን ወረቀት ያዙ፤ ያለ እርሱ አትጀምርም። ማለዳ ግን አትደውሉላት፤ ከእናቴ ጋር ከዚራ ናት።