ለቦይለር ፒኤን 20 ፒፒአር ቧንቧ፦ ከሁለት ዓመት በኋላ ያለኝ አስተያየት

አዳማ ቤታችን ቦይለር ከገባ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ቧንቧው ግን ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያው ጋልቫናይዝድ ብረት ነበር። ውሃ ጠፍቶ ሰንብቶ ሲመለስ በሙቁ በኩል ዝገት ይዞ ይወርዳል፤ እናቴ ጉልበቷን የምትይዝበት ነጭ ፎጣ ሁሉ ቡኒ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ፒፒአር የሚባለውን፣ በሙቀት አቅልጠው የሚያያይዙትን የፕላስቲክ ቧንቧ አስገባን። ሻጩ «ፒፒአር ያው ፒፒአር ነው፣ እህቴ» አለኝ፤ አምኜ ገዛሁ። ዓመት ሳይሞላው ከቦይለሩ የሚወጣው መስመር ሆዱ ወርዶ ጎበጠ፣ መታጠፊያው ላይም ያንጠባጥብ ጀመር። ተቆርጦ ሲታይ የታተመበት ፒኤን 10 ነው (ፒኤን ቧንቧው የሚችለው የግፊት ደረጃ ነው)፤ ለቀዝቃዛ ውሃ የሚሆን ስስ ቧንቧ። ያኔ ጽሑፉን አለማንበቤ እስካሁን ይቆጨኛል። የሙቅ ውሃ ምልክት የሆነው ቀይ መስመር አለው ብላችሁ ብቻ አትግዙ፣ ጽሑፉን አንብቡ።

አሁን ያለው ፒኤን 20 ነው፣ በጣም ወድጄዋለሁ። ግን ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ቀዳዳው ይጠባል፦ የ20 ሚሊሜትሩ ውስጡ 13.2 ብቻ ነው። ውሃችን ከጣሪያ ታንከር በራሱ ክብደት ስለሚወርድ ዋናውን መስመር በ25 አሠራሁት፤ የእሱ ውስጥ 16.6 ነው። የሻወሩ ግፊት በግልጽ ተሻሽሏል።

የገጠመልኝ ልጅ ጠንቃቃ ነው። ላጣድፈው ስል «እትዬ፣ ማቅለጫ ማሽኑ 260 ዲግሪ ሳይደርስ አልነካውም» አለኝ። 25ቱን ሰባት ሰከንድ ያህል አሙቆ፣ ሳያጣምም ገፍቶ ያስገባል። ብዙ ከቀለጠ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ከቦይለሩ አፍ ጋር ያገናኘው ግን በማይዝግ ብረት ፍሌክሲብል (ተጣጣፊ ቱቦ) ነው።

የፒፒአር ጉድለት ሲሞቅ መርዘሙ ነው። አራት ሜትር ቀጥ ያለ መስመር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ 24 ሚሊሜትር ገደማ ይለጠጣል። የቀድሞው የጎበጠበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ግራና ቀኝ በሲሚንቶ ተይዞ ነበር። አሁን መታጠፊያ ተተወለት፣ መያዣዎቹም ያንሸራትቱታል። የአሉሚኒየም ሽፋን ያለው ብዙም አይለጠጥም፤ አቅም ካላችሁ እሱን ውሰዱ። ጣሪያ ላይ የሚወጣውን ደግሞ ሸፍኑት፣ የአዳማ ፀሐይ ያደርቀዋል። ፒቪሲን ለሙቅ ውሃ ጨርሶ አታስቡት፤ ይለሰልሳል።

አንድ ቅሬታ አለኝ፦ ቧንቧው ሰፋ ስላለ ወጥ ቤት ሙቁ እስኪደርስ ይቆያል። እስከዚያ የሚወርደውን በባልዲ እየተቀበልኩ ለዕቃ ማጠቢያ አደርገዋለሁ።