የልጄን የኬሚስትሪ አስጠኚ ላመስግን፤ ባሕር ዳር ላላችሁ ወላጆችም ልጠቁም

ባሕር ዳር የምትኖሩ፣ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ እስኪ ይህችን አንብቡልኝ። ልጄን ኬሚስትሪ የምታስጠናውን እህታችንን በአደባባይ ማመስገን ፈልጌ ነው። ስሜ አይጠቀስ ስላለች አልጠቅስም። የምትኖረው ፔዳ አካባቢ ነው፤ ቀደም ሲል ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራ ነበር፣ አሁን ቤት ለቤት እየሄደች ታስጠናለች።

ልጄ የሪያክሽን (አንድ ነገር ተለውጦ ሌላ ነገር የሚሆንበት ሂደት) ዓይነቶችን በቃሉ ይወጣቸው ነበር። ኮምቢኔሽን፣ ዲኮምፖዚሽን፣ ሲንግል ዲስፕሌስመንት፣ ደብል ዲስፕሌስመንት፤ ትርጉማቸውንም በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ሳያስቀር ይላል። አዲስ ኢኩዌሽን ሲሰጠው ግን የትኛው እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። እሷ መጀመሪያ ስሞቹን አስተወችው። "ምን ምን ገባ? ምን ምን ወጣ? ከማንም ጋር ሳይዋሃድ ብቻውን ያለ ኤለመንት አለ?" እነዚህን ሳይመልስ ስም መጥራት የለም። ሁለት ገብቶ አንድ ከወጣ ኮምቢኔሽን ነው፤ አንዱ ተበትኖ ብዙ ከሆነ ዲኮምፖዚሽን። ብቻውን የነበረው ሌላውን አስወጥቶ ቦታውን ከያዘ ሲንግል፣ ሁለት ውህዶች ከተለዋወጡ ደብል ዲስፕሌስመንት።

አንድ ቀን ውሃ ውስጥ የሟሟ ኮፐር ሰልፌት (መዳብ ያለበት ሰማያዊ ውህድ) በትንሽ ጠርሙስ ይዛ መጣች። መርዛማ ነው ብላ ብርጭቆውንም ጓንቱንም ከራሷ ነው ያመጣችው፤ ከቤታችን ዕቃ አንዱንም አልነካችም። ይህ ጥንቃቄዋ ብቻ ልቤን አሳረፈው። ምስማሩን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጋ ሰማያዊው ውሃ ውስጥ ከተተችው። ወዲያው ላዩ ላይ ቀይ ቡናማ ነገር ይለብስ ጀመር፤ ቆይቶ ውሃው ሰማያዊነቱ እየፈዘዘ ወደ አረንጓዴ አደላ። ብረቱ መዳቡን አስወጥቶ ቦታውን ያዘ ማለት ነው። ቀጥላ የመዳብ ሽቦ አይረን ሰልፌት (ብረት ያለበት ውህድ) ውስጥ ነከረች። ምንም የለም! ልጄ "ቲቸር፣ ይሄኛውስ ለምን እንቢ አለ?" ሲል ነው የብረታ ብረቶቹን ቅደም ተከተል ያወጣችለት፤ ከፖታሲየም ጀምሮ ብረትን፣ ከዚያ መዳብን አልፎ ወርቅ ላይ የሚያልቀውን። ደካማው ብርቱውን ከቦታው አያስነሳም። ጠይቆ ስላገኘው እስካሁን አልረሳውም።

በአቼቶና በቤኪንግ ሶዳ ያስተማረችው ደግሞ ከዚህም ይበልጥብኛል። ሲቀላቀሉ አረፋው ገነፈለ። ልጁ "ደብል ዲስፕሌስመንት" አለ። "ልክ ነህ፤ ግን መለዋወጥ ብቻ ከሆነ ጋዙ ከየት መጣ?" አለችው። ዝም ብላ ጠበቀችው፤ መልሱን አልነገረችውም። በመጨረሻ ራሱ ደረሰበት፤ ሲለዋወጡ የተገኘው ካርቦኒክ አሲድ ጸንቶ ስለማይቆይ ወዲያው ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይበተናል። አንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሪያክሽን ተከታትሎ ይሄዳል ለካ። ከሰል ሲነድም እንደዚሁ ነው፤ ካርቦንና ኦክስጅን አንድ ነገር ስለሚሆኑ ኮምቢኔሽን ነው፣ መቃጠልም ነው፣ ሬዶክስም (ኤሌክትሮን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፍበት) ነው። አንዱ ስም ሌላውን እንደማይሽር አስረግጣ አስረድታዋለች።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራውን የጢስ ዓባዩን የአላታ ድልድይ ሳይቀር የቤት ሥራ አድርጋ ሰጥታዋለች። የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጋል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለቆ ይበተናል፤ ያ ዲኮምፖዚሽን ነው። የቀረው ላይ ውሃ ሲጨመር እየጋለ ይዋሃዳል፤ ኮምቢኔሽን። ግንቡ ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከአየር ቀስ ብሎ መልሶ ወስዶ እንደገና ድንጋይ ይሆናል። እኔም እናቱ አብሬ ተማርኩ፤ ድልድዩን ስንት ጊዜ ረግጬው አልፌያለሁ!

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ።

ለምትፈልጓት፦ ሽምብጥም ቀበሌ 14ም ትመጣለች። ሰፈር ለሰፈር የሚተዋወቁ ሁለት ሦስት ልጆች አብረው ቢማሩ ደስ ይላታል፣ ሂሳቡም ለወላጅ ይቀላል። ለፈተና ሰሞን ብቻ ጥያቄ እንድታሠራላቸው ከሆነ ግን አትቀበልም፤ ከምዕራፉ መጀመሪያ ይዛ መሄድ ነው የምትወደው። ስልኳን እዚህ አላወጣም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና እሷን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። የልጁን ክፍልና ሰፈራችሁን አብራችሁ ጻፉ።