እናቴን ከሁለት አገር ግብር ጭንቀት ላወጡልን ባለሙያ፣ ከልብ የመነጨ ምስጋና

ሰው ሲያመሰግን በምን ምክንያት እንደሆነ ቢናገር ይሻላል፤ ስለዚህ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

እናቴ አሜሪካ ለረጅም ዓመታት ሠርታ፣ ዜግነት አግኝታ፣ ጡረታ ስትወጣ ወደ አዲስ አበባ የተመለሰች ሴት ናት። ዋናውን ቤት አከራይታ እሷ ሰርቪሱ ውስጥ ትኖራለች። የኪራይ ገቢ ግብሯን በየዓመቱ ትከፍላለች፤ ደረሰኞቿንም አንድ ሳታጎድል ታስቀምጣለች። ይሁን እንጂ አሜሪካ ዜጋዋን የትም ቢኖር ከየትም ባገኘው ገቢ ላይ ግብር ትጠይቃለች። በሁለቱ አገሮች መካከል ደግሞ የገቢ ግብር ስምምነት የለም። የቀድሞው ታክስ ሠሪዋ ስለ አዲስ አበባው ቤት አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም።

እኒህ ሴት ግን ጠየቁ። ሜሪላንድ የሚሠሩ፣ በአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት (አይ.አር.ኤስ) ፊት ደንበኛን ለመወከል ፈቃድ ያላቸው ኢትዮጵያዊት ናቸው። ደረሰኞቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ለሁለት ከፈሏቸው። የኪራይ ገቢ ግብሩ ከአሜሪካው ግብር ላይ በቀጥታ ይቀነሳል፤ የጣራና ግድግዳ ግብሩ ግን እንደ ቤቱ ወጪ ብቻ ነው የሚያዘው። ከዚያ ቀን መቁጠሪያውን አስታረቁ። የእኛ የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ የአሜሪካው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የዓመቱን አማካይ መውሰድ ሒሳቡን ያዛባ ነበር። እሳቸው እያንዳንዱን ኪራይ በተቀበለችበት ጊዜ ምንዛሪ አሰሉት። እንዲህ ያለ ትዕግሥት አይቼ አላውቅም።

በመጨረሻ ኢትዮጵያ ውስጥ የከፈለችው ግብር የአሜሪካውን ሸፈነው። ያልቀረቡትን ቅጾች ያቀረቡላት ስትሪምላይንድ በሚባለው መንገድ ነው፤ የሦስት ዓመት የታክስ ማስታወቂያ፣ የስድስት ዓመት ደግሞ የውጭ ባንክ ሒሳብ መግለጫ። ከአሜሪካ ውጭ ለሚኖርና መስፈርቱን ለሚያሟላ ሰው ይህ መንገድ ቅጣት የለበትም፤ ከሦስቱ ዓመታት ቢያንስ በአንዱ 330 ሙሉ ቀናት ከአሜሪካ ውጭ መቆየትን ይጠይቃል።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን በዚሁ መንገድ አብሮ የሚቀርበው የማረጋገጫ ቅጽ ነው። አለማሳወቋ ሆን ተብሎ እንዳልሆነ የሚያስረዳ ጽሑፍ ያስፈልጋል። እናቴ «ልጄ፣ አንቺው የሚሆነውን ጻፊልኝና ልፈርም» አለቻቸው። እሳቸውም «እትዬ፣ የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት። እንደሆነው ይንገሩኝ፣ እኔ እተረጉማለሁ» ብለው በቪዲዮ ስልክ ቃል በቃል ሲጽፉ አመሹ። ያልገባት ዓረፍተ ነገር ካለም በአማርኛ መልሰው ያነቡላት ነበር።

ወዲያው ወደ እኔ ዞረው «አንቺስ ውክልና አለሽ? ከሒሳቧ ገንዘብ ማውጣት ይፈቅድልሻል?» አሉኝ። ይፈቅድልኛል። እንዲህ ያለ ሥልጣን ያለው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪም፣ የውጭ ሒሳቦቹ ድምር በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ፣ ገንዘቡ የእሱ ባይሆንም ኤፍባር የተባለውን፣ ያንኑ የውጭ ባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ ማስገባት አለበት። አሜሪካ ሆናችሁ ለወላጆቻችሁ ውክልና የያዛችሁ ሁሉ ይህን እባካችሁ ልብ በሉ!

የማያውቁትንም አውቃለሁ አይሉም። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ183 ቀን በላይ የሚቆይ ሰው እንደ ነዋሪ ስለሚቆጠር፣ እናቴ አሜሪካ ባንክ ያላት ቁጠባ ወለድ በኢትዮጵያ ግብር እንዴት እንደሚታይ ጠይቀናቸው ነበር። «ይህን አዲስ አበባ ያለ የግብር ባለሙያ ይየው» ብለው ጥያቄውን በጽሑፍ አዘጋጅተው ሰጡን። ክፍያቸውን ሥራው ሳይጀመር ነገሩን፤ ከዚያ በላይ አንድ ሳንቲም አልጠየቁም።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ የኪራይ ውሉን፣ የግብር ደረሰኞቹንና የስድስት ዓመት የባንክ መግለጫ ያዙ። እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ ሥራ ስለሚበዛባቸው ከዚያ በኋላ ብትቀርቡ በደንብ ያስተናግዷችኋል።