ቻምፒዮንሺፕ ሊግ ስኑከር ከባሕር ዳር ሲታይ፦ ለመማር አንደኛ፣ ለትዕይንት ቀዝቃዛ

ባሕር ዳር ውስጥ ፑል ቤት አይጠፋም፤ ከፔዳ ግቢ ዙሪያ እስከ ዓባይ ማዶ ስቲክ ይዞ ተራ የሚጠብቅ ወጣት ይታያል። የፑል ዘመድ የሆነው የስኑከር ባለ 12 ጫማ ጠረጴዛ ግን ለአብዛኛው ተጫዋች በስልክ ወይም በቴሌቪዥን ብቻ የሚታይ ነገር ነው። ስለዚህ ተመልካቹ ዳታውንና ጊዜውን የትኛው ውድድር ላይ ማዋል እንዳለበት ማወቅ ይጠቅመዋል። የፕሮፌሽናል ስኑከር ወቅት ክረምት መግቢያ ላይ ተጀምሮ ሚያዝያ ውስጥ በሼፊልዱ የዓለም ሻምፒዮና ይዘጋል። እዚህ የምንመዝነው በቅርብ ዓመታት ሰኔና ሐምሌ ላይ፣ እንግሊዝ ሌስተር ከተማ ውስጥ የሚካሄደውን ቻምፒዮንሺፕ ሊግ ነው። ፑል ለሚጫወትና መሻሻል ለሚፈልግ ሰው ከዓመቱ ውድድሮች ሁሉ የተሻለ ትምህርት ቤት ይህ ነው። ድራማ የሚፈልግ ግን ሚያዝያን ይጠብቅ።

የሊጉ ጥንካሬ አወቃቀሩ ላይ ነው። 128 ተጫዋቾች በ32 ምድብ ይከፈላሉ፤ በየምድቡ 4 ሰው ይደርሳል። አንድ ምድብ በአንድ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ቀን ተጀምሮ ያልቃል። እያንዳንዱ ተጫዋች ሦስቱንም ስለሚገጥም በቀኑ 6 ግጥሚያ አለ። አንዱ ግጥሚያ ቢበዛ 4 ፍሬም (ፑል ላይ ጌም የምንለው) ነው፤ ቀድሞ 3 ፍሬም የያዘ ያሸንፋል፣ 2 ለ 2 ካለቀ አቻ ነው። ማሸነፍ 3 ነጥብ፣ አቻ 1 ነጥብ ያስገኛል። የሚያልፈው የምድቡ አንደኛ ብቻ ነው። 32ቱ አሸናፊዎች እንደገና በ8 ምድብ፣ ከዚያ የቀሩት 8 ሰዎች በ2 ምድብ ይጫወታሉ፤ ሁለቱ የምድብ አንደኞች ቢበዛ 5 ፍሬም በሚፈጅ ፍጻሜ ይገናኛሉ።

በዚህ ስሌት አቻ ግማሽ ሽንፈት ነው። ሁለት አሸንፎ አንድ የተሸነፈ ሰው 6 ነጥብ ይይዛል፤ አንድም ሳይሸነፍ አንድ አሸንፎ ሁለት አቻ የወጣው ግን 5 ላይ ይቀራል። ስለዚህ 2 ለ 1 እየመራ አራተኛው ፍሬም ውስጥ የሚገባ ተጫዋች መከላከል ብቻ አይበቃውም። ነጥብ እኩል ሲሆን የፍሬም ልዩነት ይታያል፣ በአንድ ተራ ሳይቋረጥ የተሰበሰበ ከፍተኛ ነጥብ ማለትም ብሬክ ሳይቀር ሊወስን ይችላል። 2 ለ 0 የሚመራ ሰው ሦስተኛውን ፍሬም ቸል ብሎ ቢለቅ፣ በመጨረሻ 3 ለ 1 ቢያሸንፍም ልዩነቱ ከ3 ወደ 2 ይወርዳል፤ ያቺ አንዲት ፍሬም ማታ ላይ ከምድቡ ልታስወጣው ትችላለች። ፍሬሙ ከተወሰነ በኋላ ተጫዋቹ ጠረጴዛውን ጠርጎ ለመጨረስ ሲለፋ ብታዩ ለታይታ አይደለም፤ ብሬኩን እያሳደገ ነው።

ውድድሩ ቀላል እንዳልሆነ የአሸናፊዎቹ ስም ይመሰክራል። ለተጫዋቾች የዓለም ደረጃ የሚቆጠረውን የመጀመሪያውን ሊግ እ.ኤ.አ. በ2020 ያሸነፈው ካይረን ዊልሰን በ2024 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። የ2022ቱ አሸናፊ ሉካ ብሬሴል ደግሞ በዓመቱ ሼፊልድ ላይ የዓለም ዋንጫውን አንስቷል። ዴቪድ ጊልበርትም የመጀመሪያውን የደረጃ ዋንጫ ያገኘው በ2021 እዚሁ ሊግ ላይ ነው።

ሰዓቱ ለእኛ ምቹ ነው። እንግሊዝ በበጋዋ ከኢትዮጵያ በ2 ሰዓት ወደኋላ ናት፤ የእኛ አቆጣጠር ሲጨመርበት ደንቡ ከእነሱ ሰዓት 4 መቀነስ ይሆናል። የእነሱ ጠዋት 11 ሰዓት በእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፣ የእነሱ ምሽት 7 ሰዓት በእኛ ምሽት 3 ሰዓት። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጨረሻ፣ ማለትም በእነሱ ክረምት፣ 4 ሳይሆን 3 ነው የሚቀነሰው። ጥር ላይ ለንደን የሚደረገውን ማስተርስ የተባለ ውድድር የሚከታተል ሰው ይህን ከዘነጋ አንድ ሰዓት ቀድሞ መጥቶ ባዶ ስክሪን ይጠብቃል። የዓለም ሻምፒዮናው ሦስቱ ክፍለ ጊዜዎች በእኛ ከቀኑ 6፣ ከቀኑ 10፡30 እና ምሽት 3 ሰዓት ላይ ይውላሉ።

ዳታ ላይ ግን ሊጉ ይከብዳል። 24 ፍሬም ሊፈጅ የሚችል ቀን ነው፤ መካከለኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት ወደ 1 ጊጋባይት ሊጠጋ ስለሚችል ሙሉ ቀን ማየት በሞባይል ጥቅል አያዋጣም። ጥራቱን እስከ 480 ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ከዚያ በታች ሲወርድ ግን ቡናማው ኳስ ከቀዮቹ ጋር መምታታት ይጀምራል፣ በስልክ ስክሪን ላይ ነጩ የት እንደቆመ እንጂ ለምን እዚያ እንደቆመ አይታይም። መቆጠብ ለሚፈልግ ምክራችን የቀኑን የመጨረሻ ሁለት ግጥሚያዎች ብቻ ማየት ነው። የምድቡ ስሌት የሚጠብበት ሰዓት እሱ ነው። ከመክፈታችሁ በፊት ሰንጠረዡን አይታችሁ አንደኛው ካልተረጋገጠ ብቻ ግቡ፤ አንዱ ቀድሞ ካለፈ የቀሩት ፍሬሞች ለዳታው አይመጥኑም። ይህ የሊጉ ትልቁ ጉድለት ነው፣ ብዙ ጊዜም ያጋጥማል።

ለጀማሪ ተመልካች አንድ ቀመር ይበቃዋል፦ ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን ቀዮች በ8 ያባዙና 27 ይደምሩ። አንድ ቀይ 1 ነጥብ ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ከሚመታው ባለ ቀለም ኳስ ትልቁ፣ ጥቁሩ፣ 7 ነው፤ ስድስቱ ባለ ቀለም ኳሶች መጨረሻ ላይ ከቢጫው 2 እስከ ጥቁሩ 7 ሲደመሩ 27 ይሆናሉ። 3 ቀይ ከቀረ ቢበዛ 51 ነጥብ አለ ማለት ነው። የነጥብ ልዩነቱ ከዚያ ከበለጠ የሚመራው ተጫዋች ሳይሆን ከኋላ ያለው ኳስ በማስገባት ብቻ አያሸንፍም፤ ተጋጣሚውን ከሌላ ኳስ ጀርባ ደብቆ ጥፋት ማሠራት አለበት። አንድ ጥፋት ቢያንስ 4፣ ቢበዛ 7 ነጥብ ያስገኛል። ከዚህ በኋላ ጨዋታው ለምን እንደሚዘገይ ግልጽ ይሆናል። እዚህ ላይ ከረንቡላ ያደጉ ተመልካቾች ይቀድማሉ፤ ኳስ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጎማ ላይ ተመልሶ የሚሄድበትን ማዕዘን ስለሚያውቁ ከድብቅ ቦታ የመውጫውን መንገድ ተጫዋቹ ሳይመታ በፊት ይገምቱታል።

ያዩትን ወደ ፑል ጠረጴዛ ሲያመጡ የሚበላሸው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ጉልበት ነው። የስኑከር ኳስ 52.5 ሚሊሜትር፣ የአሜሪካ ፑል ኳስ 57.15 ሚሊሜትር ነው። የስኑከር ስቲክ ጫፍ 10 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የፑሉ ወደ 13 ይጠጋል። ትንሽ ጫፍ በትንሽ ኳስ ላይ የሚሰጠውን ሽክርክሪት ትልቁ ጫፍ በዚያው ልክ አይሰጥም። የቀዳዳው አፍ ደግሞ ስኑከር ላይ ክብ ነው፤ በጎማ ጥግ በኃይል የመጣን ኳስ ይተፋዋል። ፑል ላይ አፉ ሹል ስለሆነ ያው ኳስ ይገባል። ስለዚህ ከባለሙያዎቹ ቀስታን ኮርጁ፣ የጎማ ጥግ ፍርሃታቸውን ግን አትውረሱ።

ሌላው የመበላሸት ምክንያት የአየሩ ሁኔታ ነው። የውድድር ጠረጴዛዎች ከጨርቁ ሥር ያለው ድንጋይ ይሞቃል፤ ጨርቁ ደረቅ ሆኖ ኳሱ ረጅም ይሄዳል። ባሕር ዳር ሐምሌ ላይ፣ በተለይ ወደ ጣና ዳር ቀረብ ባለ ቤት፣ ጨርቁ እርጥበት ይጠጣል። ኳሱ ከታሰበበት ሳይደርስ ይቆማል፣ ጎማውም ደነዝ ይላል። ሊጉ የሚተላለፈው ልክ በዚህ ወቅት ስለሆነ ያየውን ምት ማታውኑ የሚሞክር ሰው ኳሱ ሲያጥርበት ስቲኩን ይጠረጥራል። ችግሩ ከጨርቁ ነው። ለቤቱ ባለቤት መፍትሔው ውድ አይደለም፦ ጨዋታ ሲያልቅ ጠረጴዛውን መሸፈን፣ በዝናብ ሰዓት በሐይቁ በኩል ያለውን መስኮት መዝጋት፣ ጠዋት ጠዋት ጨርቁን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ መቦረሽ። ወዲያ ወዲህ ከቦረሹት ጸጉሩ ይቆማል፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ኳስም መጨረሻው ላይ ይታጠፋል። እርጥብ ጨርቅ ላይ የረገፈ ጠመኔ ደግሞ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ስቲክ ሲቀባ ከጠረጴዛው ራቅ ማለት ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ያለውን፣ በዚሁ ስም የሚጠራውንና ለደረጃ የማይቆጠረውን የግብዣ ሊግ ግን አንመክርም። በየምድቡ 7 ሰው ሁሉም ከሁሉም ይጫወታል። አንዱ ወደ አሸናፊዎች ምድብ ያልፋል፣ ሁለቱ ይወድቃሉ፣ አራቱ ከ3 አዲስ ሰዎች ጋር ወደሚቀጥለው ምድብ ይሻገራሉ። ለተጫዋቹ ብዙ ግጥሚያ ነው፤ ተመልካቹ ግን ዛሬ የተሸነፈውን ነገ እንደገና ሲያገኘው ሽንፈቱ ክብደት ያጣበታል። በመሃል የሚያቋርጥ ተጫዋችም ሰንጠረዡን ያዘበራርቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 ያበቃው ፕሪምየር ሊግ፣ ሮኒ ኦሱሊቫን 10 ጊዜ ያሸነፈው፣ ተመልካች የሞላው አዳራሽና ለአንድ ምት 25 ሰከንድ የሚሰጥ ሰዓት ነበረው። የአሁኑ ሊግ ጸጥታ ያንን ያስናፍቃል።

የአራት ሰው ምድቡን ግን ፑል ቤቶች ቢወስዱት ደስ ይለናል። አንድ ሽንፈት ወደ ቤት ከሚሰድድ ጥሎ ማለፍ በጣም ይሻላል፤ መዝገቢያ የከፈለ ሰው ቢያንስ ሦስት ግጥሚያ ያገኛል። ፑል ላይ መክፈቻው ትልቅ ጥቅም ስላለው 4 ጌም ተገቢ ቁጥር ነው፦ መክፈት እየተፈራረቁ ሁለት ሁለት ይደርሳቸዋል። 5 ጌም ከሆነ አንዱ በአንድ ይበልጣል። አንድ ጌም በአማካይ 10 ደቂቃ ቢፈጅ 24ቱ ጌሞች በ4 ሰዓት ያልቃሉ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት የተጀመረ ምድብ 12 ሰዓት ላይ አሸናፊውን ያውቃል። ፑል ላይ ብሬክ ስለማይቆጠር እኩል የሆኑትን ለመለየት የጌም ልዩነት፣ ያ ካልለየ ደግሞ ተሸናፊው ጠረጴዛ ላይ ያስቀራቸው ኳሶች ብዛት ይመዝገብ። ዳኛ መቅጠርም አያስፈልግም። አራት ሰው ካለ ሁለቱ ሲጫወቱ ሁለቱ ክፍት ናቸው፤ አንዱ ጥፋት ይጠብቃል፣ ሌላው ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ውጤቱን በእስክሪብቶ ይጽፋል፣ ግጥሚያው ሲያልቅም ሁለቱ ተጫዋቾች ከጎኑ ይፈርማሉ።