ፒያሳ ያለው የጠበቃ ቢሮ፣ ጎንደር

የአክስቴ ልጅ ድንገት በተነሳ ጠብ ሰው ገደለ ተብሎ ተከሶ ነው የሄድነው። ጠበቃው ማስረዳት ይችልበታል፣ በ1996ቱ የወንጀል ህግ አንቀፅ 78 ራስን መከላከል የሚባለው ጥቃቱ ህገወጥ ሆኖ እዛው የደረሰ ሲሆን፣ ሌላ ማምለጫ ሲጠፋና አፀፋው ሲመጣጠን ነው፣ ቡጢ ለሰነዘረ ጠመንጃ አይሆንም አለን፣ መጠኑን ካለፈ ወይ ከባድ ትንኮሳ ከነበረ ደሞ 541 አለ እስከ 5 አመት ቀላል እስራት፣ ተራው ግድያ 540 ግን ከ5 እስከ 20 ፅኑ ነው። ተጣልተን ነበር ማለት ብቻ ወደ 541 አያወርድም። ሽማግሌ ቢያስታርቅም ክሱ አይቀርም ሲል አክስቴ ደነገጠች፣ ቢያንስ ግን በነፃ አስወጣዋለሁ ብሎ አልሸነገለንም እኮ። ወረፋው ያሰለቻል፣ ስልክም ቶሎ አይነሳም፣ ደረሰኝ ይሰጣሉ።