ለልብ ንቅለ ተከላ ክትትል ነርሳችን የቀረበ ምስጋና

ታናሽ ወንድሜ የልብ ንቅለ ተከላ ካደረገ ወዲህ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ የሚያመሰግነው ቀዶ ሐኪሞቹን ነው፤ የሚገባቸውም ነው። ከለጋሽ የወጣ ልብ በበረዶ ተይዞ በደህና የሚቆየው ለአራት ሰዓት ያህል ብቻ ሲሆን፣ ትልልቆቹ የደም ስሮች ተሰፍተው ደም እንደገና መዘዋወር ያለበትም ይህ ጊዜ ሳያልፍ ነው። እኔ ግን ዛሬ ማመስገን የምፈልገው ስማቸው እንዳይጠቀስ የፈለጉትን የክትትል ነርሳችንን፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላቸውን ነው።

ዶክተር ክርስቲያን ባርናርድ እ.ኤ.አ. በ1967 በኬፕታውን የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ ሲያካሂዱ ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶ ነበር። ሆኖም ሰውነት አዲሱን ልብ እንዳይዋጋ የተሰጣቸው መድኃኒት በሽታ የመከላከል አቅማቸውን ስላዳከመው፣ ታካሚው በ18ኛው ቀን በሳንባ ምች አረፉ። መድኃኒቶቹ ከዚያ ወዲህ እጅግ ተሻሽለዋል፤ ጭንቀቱ ግን አልቀረም። ወንድሜ ሰውነቱ ልቡን እንዳይዋጋ የሚወስደው ታክሮሊመስ የተባለ መድኃኒት በደሙ ውስጥ ካነሰ ሰውነቱ ልቡን ይዋጋል፤ ከበዛ ደግሞ ኩላሊቱ ይጎዳል።

አንድ ጊዜ ሳል ይዞት ሌላ ክሊኒክ ሄዶ ክላሪትሮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ታዘዘለት። ለሲስተር ስንደውል ካርቶኑ ላይ ያለውን ስም ቀስ ብለን እንድናነብላቸው ጠየቁንና፣ "እንዳይጀምረው፤ ሐኪሙን አነጋግሬ አሁኑኑ እደውላለሁ" አሉን። ያ መድኃኒት ታክሮሊመስ ከሰውነት ቶሎ እንዳይወገድ እያደረገ መጠኑን አደገኛ ደረጃ ላይ ያደርሰዋል። በዚያው ቀን በሌላ ተቀየረለት።

ሌላም ያስተማሩን ነገር አለ፤ ይህንን ማንም የልብ ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው ቤተሰብ ቢያውቀው እወዳለሁ። ልብ ሲተከል ነርቮቹ ስለሚቆረጡ፣ የልብ የደም ስሮች ቢጠቡ እንኳ የደረት ሕመም ላይሰማ ይችላል። ጥበቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የደም ስሩን ርዝመት ተከትሎ የሚሰራጭ በመሆኑ በስቴንትም (የጠበበውን የደም ስር ከፍቶ በሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ሆነ በባይፓስ (ለደሙ አዲስ መንገድ በሚያበጅ ቀዶ ሕክምና) ለማከም ያስቸግራል። ስለዚህ ሲስተር በደወሉ ቁጥር የሚጠይቁት ስለ ሕመም ሳይሆን፣ ደረጃ ሲወጣ ይደክመው እንደሆነና ትንፋሽ ያጥረው እንደሆነ ነው።

በእርሳቸው ክፍል የምትታከሙ ሁሉ፣ ጥያቄያችሁ ትንሽ ቢመስላችሁም ሳትሳቀቁ ደውሉላቸው። በሌላ ቦታ ወረፋ የምትጠብቁም፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በሁለት ቀጠሮ መካከል ስልካችሁን የሚያነሳው ማን እንደሆነ አጥብቃችሁ ጠይቁ። ሲስተር፣ ወንድሜን ስለጠበቁልን መላው ቤተሰባችን ያመሰግንዎታል።