«በአንድ ቀን እንደ አዲስ» የሚል ውል አትፈርሙ፦ ያረጀ ካራቫን ላላችሁ

ካራቫኔን፣ ማለትም በመኪና የሚጎተተውን የጉዞ ቤቴን፣ ውስጡ ታጥቦና ተጠግኖ በተረከብኩ በአምስተኛው ቀን የማዕዘኑን መቀመጫ በመዳፌ ተጫንኩት። ላዩ ደረቅ ነበር። ጠንከር አድርጌ ስጫነው ግን ጨርቁ ጠቆረ፤ እጄም ረጠበ። ትራሱን ሳነሳው ከሥሩ ባለው ኮምፐርሳቶ ላይ የትራሱን ቅርጽ የያዘ የውሃ ምልክት ታትሟል፤ የእንጨቱ ጠርዝም ማበጥ ጀምሯል። ገንዘቡን ግን አስቀድሜ ሙሉ በሙሉ ከፍያለሁ።

ያረጀ ካራቫን ገዝታችሁ ወይም ወርሳችሁ የውስጡን ጨርቅ ለማሳጠብና ለማስጠገን የምታስቡ ካላችሁ፣ እኔ የገባሁበት ውስጥ እንዳትገቡ እለምናችኋለሁ። የሠራልኝን ድርጅት ስም አልጠራም፤ ተመሳሳይ ውል የሚያቀርቡ ብዙ ናቸውና። ውሉ ማጠብን፣ መጠገንን፣ ማድረቅንና መልሶ መግጠምን በአንድ ቀንና በአንድ ዋጋ ጠቅልሎ የሚሸጥ ነው። የካራቫን መቀመጫ በዚህ ፍጥነት አይደርቅም። አይደርቅም ማለት ደግሞ ሥራው አላለቀም ማለት ነው።

የሚያጥቡበት ማሽን ውሃና ማጽጃ ወደ ጨርቁ ይረጫል፤ ከዚያ መልሶ ይመጥጣል። ስስ ምንጣፍ ላይ ይህ ጥሩ ይሠራል። አሥር ወይም አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ላይ ግን ውሃው የማሽኑ መምጠጫ ከሚደርስበት በታች ይሰርጋል። ላዩ በሰዓታት ውስጥ ይደርቅና ያታልላል፤ መሃሉ እንደራሰ ይቀራል። መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ቀዝቃዛ ግድግዳ ተደግፎና ከሥሩ አየር በማይገባበት ሣጥን ላይ የተቀመጠ ትራስ እርጥበቱ መውጫ የለውም። የረጠበ ጨርቅና ስፖንጅ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ሊጀምር ይችላል። እኔ ዘንድ የመጡት ሠራተኞች ከመሄዳቸው በፊት መስኮቶቹን ዘግተው ሽቶ ረጩ። ያን ጊዜ የንጽሕና ጠረን መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ሳምንት ሳይሞላው በሽቶው ሥር የሻገተ ሽታ መጣ፤ የትራሶቹ ጀርባም ነጠብጣብ አወጣ።

ሥራውን ሲጀምሩ አንድም ሰው የጨርቁን መለያ አላነበበም። በብዙ የመቀመጫ ልባሶች ላይ አንድ ፊደል የተጻፈበት ትንሽ መለያ ይሰፋል። «ደብልዩ» ከሆነ ውሃ ባለው ማጽጃ ይጸዳል፤ «ኤስ» ከሆነ ውሃ አይነካውም፣ በደረቅ እጥበት ማሟሚያ ብቻ ነው። ሁለቱም ፊደላት ካሉ በሁለቱም ይቻላል። «ኤክስ» ከሆነ ምንም ዓይነት ፈሳሽ አይቀርበውም፤ የአቧራ መምጠጫና ለስላሳ ብሩሽ ብቻ። ባረጀ ካራቫን ውስጥ መለያው ተቀዶ ወይም ደብዝዞ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚያውቅ ባለሙያ ከማይታይ ቦታ ላይ ይሞክራል፦ ነጭ ጨርቅ አርጥቦ ለጥቂት ደቂቃ ይጫነዋል፤ ቀለም መልቀቁን ያያል፤ ከደረቀ በኋላም መኮማተሩንና ክብ ምልክት መተዉን ይመለከታል። ይህን ሙከራ ሳያደርግ ማሽን የሚያስነሳን ሰው በትሕትና አስቁሙት።

መጋረጃዎቹን ይዘው ሄደው በማሽን አጠቡልኝ። ፊት ለፊት ያለው ጨርቅ ደህና ተመለሰ፤ ገበሩ ግን ተዘልዝሎ ነው የመጣው። ለዓመታት ፀሐይ የመታው ገበር ዓይን ሳያየው ይነትባል፤ ተሰቅሎ ሳለ ሙሉ ይመስላል፣ ውሃ ሲነካው ይበጣጠሳል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ደግሞ ቀላል ነው። ገበሩን በሁለት አውራ ጣት መካከል ይዛችሁ በቀስታ ሳቡት፤ እንደ ወረቀት ከተቀደደ አይታጠብም፣ ገበሩ ብቻ ይቀየራል። መጋረጃው ማርጀቱን አልክድም። አምስት ሰከንድ የሚፈጅ ምርመራ ሳያደርጉና ሳይነግሩኝ ማጠባቸው ነው የሚያንገበግበኝ።

እናንተ ራሳችሁ ልታጥቡ ካሰባችሁም በትራሱ ጀርባ ያለው ዚፕ አያታላችሁ። ብዙ ጊዜ ዚፑ የተሠራው ስፖንጁን ለመክተት እንጂ ሽፋኑን አውልቆ ለማጠብ አይደለም። ጥጥ ያለበት ሽፋን በሙቅ ውሃ ታጥቦ ከተኮማተረ ስፖንጁ ተመልሶ አይገባለትም።

ጥገናው ከእጥበቱ የባሰ ነው። የተተረተረውን ስፌት በክር አልሰፉትም፤ ጠርዙን አጥፈው በማስቲሽ አጣበቁት። ሰው ሲቀመጥበት ሁለት ቀን አልቆየም። እንደገና ልሰፋው ስሞክር ማስቲሹ ደርቆ ጨርቁን አጠንክሮታልና መርፌ አልገባ አለ።

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ግን የስፖንጁ ነገር ነው። አንዱ መቀመጫ መሃሉ ጎድጉዶ ስለነበር «በተሻለ ቀይረንልዎታል» ብለውኛል። ሲነካ ጠንካራ ነው፤ አመንኩ። በኋላ ግን ሳነሳው በጣም ቀለለኝና ሚዛን ላይ አወጣሁት። ርዝመቱ 180፣ ወርዱ 60፣ ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ለመቀመጫ የሚሆን ደህና ስፖንጅ በአንድ ሜትር ኩብ 35 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በዚህ ስሌት ትራሱ ወደ 3.8 ኪሎ መሆን ነበረበት። ሚዛኑ ያሳየኝ ከሁለት ኪሎ በታች ነው። ጥንካሬና እፍጋት (ለመጠኑ ያለው ክብደት) የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያን ቀን ተማርኩ፦ ቀላል ስፖንጅም ጠንካራ ተደርጎ ሊሠራ ይችላል፤ ግን ቶሎ ይሟሽሻል። በእጅ መጫን አይበቃም፤ መመዘን ነው።

ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ ቢሆን እንኳ አልፈው ነበር። ለዕቃ ማሸጊያ የሚውል፣ እሳትን እንዲቋቋም ያልተሠራ ስፖንጅ በፍጥነት ይነድዳል፤ ሲነድድም ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጂን ሳያናይድ ያለበት ጭስ ያወጣል። በካራቫን ውስጥ የምንተኛው ከምድጃው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። የልጅ መኝታ ሥር ምን እንደገባ የማወቅ መብት አለን። የእሳት ደረጃ መለያ (እሳትን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚገልጽ ጽሑፍ) የሌለው ስፖንጅ ካራቫናችሁ ውስጥ አታስገቡ።

በመስኮቱ ሥር የነበረውን ጥቁር ሻጋታ በበረኪና ጠረጉት። ጨርቁ ላይ የነጣ እድፍ ቀረ፤ ሻጋታውም በሦስት ሳምንት ተመለሰ፤ ምንጩ የመስኮቱ ጎማ ውሃ ማስገባቱ ነበርና። ስለዚህ ለጨርቅ አንድ ሳንቲም ከማውጣታችሁ በፊት ግድግዳውን በእርጥበት መለኪያ አስለኩ። እስከ 15 ከመቶ ያለው አያሰጋም፤ ከ20 በላይ ከሆነ ውሃ የሚገባበት ቦታ አለ ማለት ነውና ቅድሚያ እሱ ይዘጋ።

ቅሬታዬን ሳቀርብ የተሰጠኝ መልስ በውሉ ጀርባ በደቂቅ ፊደል ተጽፎ የነበረ አንቀጽ ነው፦ ለአሮጌ ጨርቅ ኃላፊነት አይወሰድም። ማስታወቂያቸው ላይ ያለው ፎቶግራፍ ግን ያረጀ ካራቫን ነው። አገልግሎቱን የሚሸጡት ላረጀ ካራቫን፣ ዋስትናውን የሚነፍጉትም ላረጀ ካራቫን ከሆነ ገንዘቡ የሚከፈለው ለምንድን ነው?

አሁን ትራሶቹን በጠርዛቸው አቁሜ፣ ዚፖቻቸውን ከፍቼ፣ ማራገቢያ ከፊታቸው አድርጌ አደርቃቸዋለሁ። ሁለቱን ጥያለሁ።

ሥራውን ልትሰጡ ከሆነ የማድረቂያው ቀን በውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍ፤ የሚገባው ስፖንጅ እፍጋትና የእሳት ደረጃም እንዲሁ። ትራሶቻችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ዚፑን ከፍታችሁ እያንዳንዱ ስፖንጅ ላይ በማይለቅ እስክርቢቶ ምልክት አድርጉ፤ ፎቶግራፍም አንሱ። እኔ ይህን ስላላደረግሁ ደህና የነበሩት ስፖንጆች የራሴ ስለመሆናቸው እንኳ ዛሬ ማረጋገጫ የለኝም። የመጨረሻውን ክፍያ ደግሞ ትራሱን በሁለት መዳፋችሁ ተጭናችሁ፣ ከሥሩ ያለውን እንጨትም ዳስሳችሁ ደረቅ መሆኑን ሳታዩ አትስጡ።